ኮከብ የየት ልጅ እንደሆነ ከብረቱ ይታወቃል

የሥነ ፈለክ ሰዎች አንድ የሚገርም አመል አላቸው፣ ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም ውጪ ያለውን ነገር በሙሉ "ሜታል" ነው ሚሉት። ኦክሲጅን ሜታል፣ ካርቦን ሜታል፣ ኒዮን ሳይቀር ሜታል። የኬሚስትሪ አስተማሪ ቢሰማ ያብዳል፣ እነሱ ግን ምን ቸገራቸው፣ ለነሱ ዩኒቨርስ ማለት ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም እና "የተረፈው" ነው። ደሞ ብዙም አይፈረድባቸውም። ፀሐይን ብትመዝኗት 74% ያህሏ ሃይድሮጅን 25% ገደማው ሂሊየም ነው፣ ከካርቦን እስከ ወርቅ ያለው ሌላው ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ ከመቶ 2 እንኳን አይሞላም።

ጉዱ ያለው ግን እዛችው 2 በማትሞላው ውስጥ ነው። ከኮከብ ኮከብ፣ ከጋላክሲ ጋላክሲ በጣም ምትለያየው እሷ ናት፣ አንዱ ጋ የፀሐይን ሁለት እጥፍ ትሆናለች፣ ሌላው ጋ አንድ ሺኛ፣ አንዳንዱ ጋ ደሞ ፈልጎ ማግኘትም ያስቸግራል። ልዩነቱ ዝም ብሎ የእድል ጉዳይ አይደለም፣ ኮከቡ መቼ፣ የት፣ ምን አይነት ጋላክሲ ውስጥ እንደተወለደ ነው ሚናገረው። ሰው ሀገር ቢቀይር አነጋገሩ ያሳብቅበት የለ? ኮከብም ጋላክሲ ቢቀይር (አዎ ይቀይራል፣ እመጣበታለሁ) ብረቱ ያሳብቅበታል።

መጀመሪያ ግን ማንም ያልነካው ነገር ውስጡ እንዴት ታወቀ ሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ይሄን ሳትይዙ ቀጣዩን በእምነት መቀበል ብቻ ነው ሚሆንባችሁ።

የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ስትበትኑት ከቀይ እስከ ሐምራዊ ቀስተ ደመናውን ታያላችሁ፣ እስከዚህ ሁሉም ያውቃል። በጥሩ መሣሪያ በደንብ ዘርግታችሁ ካያችሁት ግን ቀስተ ደመናው ሙሉ አይደለም፣ እዚም እዛም በቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ተቆራርጧል። ፍራውንሆፈር ሚባል ጀርመናዊ የመነጽር ባለሙያ በ1814 ከ500 በላይ መስመር ቆጥሯል፣ ምን እንደሆኑ ግን አላወቀም። ለምሳሌ ቢጫው ላይ ተጠጋግተው የቆሙ ሁለት መስመሮች አሉ፣ በሞገድ ርዝመት አንዱ 589.0 ሌላው 589.6 ናኖሜትር ላይ። ጨው እሳት ላይ ስትበትኑ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል አይደል፣ የዛ ቢጫ ቦታም እዛው ነው፣ ቁጥሩ ሳይዛነፍ። ሶዲየም ነው። ሲግል እዛ ቦታ ላይ ያበራል፣ ከኋላው ደማቅ ብርሃን ሲመጣበት ደሞ እዛው ቦታ ላይ ብርሃኑን ይውጣል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር እንደዚህ የራሱ የመስመር አሻራ አለው፣ የብረት ብቻ በሺዎች ሚቆጠር ነው።

የሚያስቀው ደሞ ኦጉስት ኮምት የተባለው ፈረንሳዊ ፈላስፋ በ1835 "የከዋክብትን የኬሚስትሪ ስሪት መቼም ልናውቅ አንችልም" ብሎ ደምድሞ ነበር። በ1857 ሞተ፣ በ1859 ኪርሆፍና ቡንሰን የተባሉ ጀርመናውያን ሳይንቲስቶች የመስመሮቹን ምስጢር ፈቱት። ሁለት ዓመት ቢታገስ ኖሮ! ከዛማ ነገሩ ተገልብጦ ሂሊየም እራሱ መጀመሪያ የተገኘው ፀሐይ ላይ ሆነ፣ በ1868 ማንም ማያውቀው ቢጫ መስመር ታየ፣ ምድር ላይ ራምዚ የተባለ ኬሚስት እስኪያገኘው ድረስ 27 ዓመት ፈጀ።

ግን መስመር ማየትና መጠን ማወቅ ለየቅል ናቸው፣ እዚ ላይ ነው ብዙ ሰው ሚሳሳተው። የፀሐይ ስፔክትረም (ያ የተበተነው ብርሃኗ) ላይ የካልሲየምና የብረት መስመሮች ጉልህ ናቸው፣ ሃይድሮጅኑ ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ እስከ 1920ዎቹ ድረስ ሊቃውንቱ ፀሐይ እንደ ምድር ከብረት ምናምን የተሠራች ይመስላቸው ነበር። ሲሲሊያ ፔይን የምትባል የ25 ዓመት ወጣት በ1925 የዶክትሬት ጽሑፏ ላይ የህንዳዊውን የሜግናድ ሳሃን ስሌት ተጠቅማ የመስመሩ ጉልህነት በብዛቱ ብቻ ሳይሆን ከምንም በላይ በሙቀቱ እንደሚወሰን አሳየች፣ ሙቀቱን ስታስተካክለው ሃይድሮጅን ከብረትና ከመሳሰሉት አንድ ሚሊዮን እጥፍ ገደማ በልጦ ቁጭ አለ። በጊዜው ትልቅ ስም የነበረው ሄንሪ ኖሪስ ራስል "ይሄማ ሊሆን አይችልም" አላትና እሷም ጽሑፏ ላይ ውጤቱ እውነተኛ ላይሆን ይችላል ብላ ጨመረችበት። በ1929 ራሱ ራስል በሌላ መንገድ ሄዶ እዛው ደረሰ። ስሟን ጠቅሷል፣ ያው ይሄን አይካድም፣ ግን ለብዙ ጊዜ ሰው ሚያነሳው የሱን ስም ነበር። እኔን ይሄ ታሪክ ባነበብኩት ቁጥር ያናድደኛል።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው። ይሄ "ሜታል" ከየት መጣ?

ቢግ ባንግ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሰጠን በክብደት ሦስት አራተኛ ሃይድሮጅን፣ አንድ አራተኛ ሂሊየም እና እፍኝ ማትሞላ ሊቲየም ነው፣ በቃ። ሌላውን ሁሉ ከዋክብት ናቸው የሠሩት፣ ግን ሁሉም እኩል ሰዓት ላይ አይደለም የሠሩት፣ እንደኔ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ። ከፀሐይ 8 እጥፍና ከዛ በላይ ሚከብዱ ከዋክብት ነዳጃቸውን የሚያቃጥሉት በጥድፊያ ነው፣ ከተወለዱ ከጥቂት ሚሊዮን እስከ ጥቂት አስር ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ይፈነዳሉ፣ ሲፈነዱም ሚበትኑት በብዛት ኦክሲጅን፣ ማግኒዚየም፣ ሲሊከን ነው፣ ብረት ትንሽ ጣል ያደርጋሉ። ዋናው የብረት ፋብሪካ ሌላ ቦታ ነው ያለው። እንደ ፀሐይ ያለ መካከለኛ ኮከብ ሲሞት አመዱ "ነጭ ድንክ" ሆኖ ይቀራል፣ እሱም ከጎኑ ጓደኛ ኮከብ ካለው ከጓደኛው እየወሰደ ወይ ከሌላ ነጭ ድንክ ጋር ተላትሞ አንድ ቀን ይፈነዳል፣ ይሄ ፍንዳታ ነው ብረትን እንደ ጉድ የሚረጨው። ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ቢፈጥን መቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ሲዘገይ ብዙ ቢሊዮን።

ስለዚህ ምን ሆነ ማለት ነው፣ ኦክሲጅንና ማግኒዚየም ቶሎ ይመጣሉ፣ ብረት ይዘገያል፣ የሁለቱ ጥምርታ ሰዓት ሆነ! ኮከቡ ማግኒዚየሙ ከብረቱ አንጻር ከፍ ካለ "ይሄ የተወለደው ነጭ ድንኮቹ መፈንዳት ሳይጀምሩ ነው" ትላላችሁ። ጥምርታው ከወረደ ደሞ ብረቱ ከደረሰ በኋላ የመጣ ነው።

አንድ ጥያቄ ልትጠይቁ ትችላላችሁ፣ ኮከቡ ራሱ ውስጡ እያበሰለ አይደል እንዴ፣ የምናየው የራሱን ሥራ ቢሆንስ? ጥሩ ጥያቄ ነው። እንደ ፀሐይ ያሉት ላይ ማብሰሉ ሚካሄደው መሃሉ ላይ ብቻ ነው፣ ላይኛው ቆዳ ደሞ ከሞላ ጎደል ሲወለድ የነበረውን ጋዝ እንደያዘ ይቆያል፣ እኛ ምናየው ቆዳውን ነው። ያረጁ ቀይ ግዙፎች ላይ ግን ከውስጥ እየተቀዳ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፖል ሜሪል በ1952 እንዲህ አይነት ከዋክብት ላይ ቴክኒሺየም አገኘ፣ ቴክኒሺየም ደሞ የተረጋጋ ዓይነት የሌለው ሬዲዮአክቲቭ ነገር ነው፣ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ይጠፋል፣ ኮከቡ ከዛ እጅግ ያረጀ ስለሆነ እዛው ነው የተሠራው ከማለት በቀር ማምለጫ የለም። ከዋክብት ንጥረ ነገር ያበስላሉ ለሚለው ከዚህ በላይ ምስክር አላውቅም።

አሁን የራሳችንን ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብን እንያት። መሃሉ ላይ ብዙ ከዋክብት ቶሎ ቶሎ ስለተወለዱና ስለሞቱ ሜታሉ ብዙ ነው፣ ወደ ዳር ስትሄዱ እየሳሳ ይመጣል። እኛ ከመሃሉ 26,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ላይ ነን፣ ከኛ ወደ ውጭ ሌላ 16,000 ገደማ ብትጓዙ እዛ ያሉት ወጣት ከዋክብት የኛ አካባቢዎቹ የያዙትን ብረት ግማሽ ያህል ነው ሚይዙት። ሌሎች ክንዳቸው ጥምዝምዝ የሆነ ጋላክሲዎችም ባብዛኛው እንደዚሁ ናቸው፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ነዋ የሚያድጉት። ዲስኩ (ከዋክብቱ እንደ ሳህን የተዘረጉበት ክፍል) ራሱ ሁለት ነገር ነው፣ ቀጭኑ ዲስክና ወፍራሙ ዲስክ፣ ወፍራሙ ላይ ያሉት ያረጁ ናቸው፣ ማግኒዚየማቸውም ከብረታቸው አንጻር ከፍ ያለ ነው፣ ሰዓቱ ሠራ ማለት ነው። ፀሐይ ራሷ ላለችበት ቦታና ለእድሜዋ ሜታሏ ትንሽ በዛ ስለሚል ወደ መሃል ጠጋ ብላ ተወልዳ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ የተንሸራተተች ናት ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው።

ከዲስኩ ውጪ ጋላክሲውን ዙሪያውን የከበቡት ከዋክብት ደሞ ድሆች ናቸው፣ ብዙዎቹ የፀሐይን ብረት አስረኛ ወይ መቶኛ ነው ያላቸው። እዚ ጋ ነው ጋላክሲ መቀየሩ የሚመጣው። ጋያ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት የከዋክብቱን እንቅስቃሴ ለክታ ስትልክ በ2018 ሁለት ቡድኖች አንድ ጉድ አገኙ፣ በአቅራቢያችን ካሉት የዚህ ዙሪያ ከዋክብት አብዛኞቹ በጣም የተለጠጠ ምህዋር ላይ ናቸው፣ ወደ መሃል ይወረወራሉ ተመልሰው ይወጣሉ። ኬሚስትሪያቸው ሲታይ ደሞ በተመሳሳይ የብረት መጠን ላይ ማግኒዚየማቸው እዚሁ ከተወለዱት ዝቅ ይላል። የኛ አይደሉማ! ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኛ ጋላክሲ የዋጣት አንዲት ትንሽ ጋላክሲ ልጆች ናቸው። ጋላክሲዋ የለችም፣ ፈርሳ አልቃለች፣ ልጆቿ ግን ዘር ከልጓም ይስባል እንደሚባለው አሁንም ይለያሉ።

ማግኒዚየማቸው ለምን ዝቅ አለ ካላችሁ፣ ትናንሽ ጋላክሲዎች ቀርፋፋ ስለሆኑ ነው። ከዋክብት ሚወልዱት ቀስ ብለው ነው፣ ስለዚህ ገና ሜታላቸው ሳይከማች ነጭ ድንኮቹ ይደርሱና ብረቱን መርጨት ይጀምራሉ። የኛ ጋላክሲ ላይ ጥምርታው መውረድ የጀመረው ብረቱ የፀሐይን አስረኛ ያህል ከደረሰ በኋላ ነው፣ ስከልፕተር በሚባለው ድንክ ጋላክሲ ላይ ግን ገና ወደ መቶኛው ሲጠጋ መውረድ ጀምሯል። ሰዓቱ አንድ ነው፣ የሥራው ፍጥነት ነው የተለያየው።

ድንክ ጋላክሲዎቹ ሌላም ችግር አለባቸው፣ የሠሩትን መያዝ አይችሉም። ሱፐርኖቫ (ያ ከላይ ያልነው የኮከብ ፍንዳታ) ሲፈነዳ ጋዙን በሰከንድ በሺዎች በሚቆጠር ኪሎሜትር ፍጥነት ነው ሚወረውረው፣ ትልቅ ጋላክሲ ስበቱ ስለሚከብድ መልሶ ይሰበስበዋል፣ ትንሹ ግን ሜታሉ ከእጁ ያመልጣል። በ2004 ከ50,000 በላይ ጋላክሲዎችን ይዞ የወጣ ጥናት ይሄን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል፣ ጋላክሲው በከበደ ቁጥር ጋዙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይጨምራል። ጎረቤት ጋላክሲዎቻችንን እንኳን ብታዩ ትልቁ የማጄላን ደመና የፀሐይን ሜታል ግማሽ ያህል አለው፣ ትንሹ የማጄላን ደመና አምስተኛ ያህል፣ እነ ሬቲኩለም 2 ደሞ በመቶዎች የተከፈለ።

ሬቲኩለም 2 ላይ ግን መቆም አለብኝ፣ የኔ ተወዳጅ ናት። በ2015 ነው የተገኘችው፣ 100,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች፣ የጠቅላላ ብርሃኗ ድምር የጥቂት ሺህ ፀሐዮች ቢሆን ነው፣ ጋላክሲ ለማለት ራሱ ያሳፍራል። በ2016 ደማቅ የሆኑትን 9 ከዋክብት መረጡና ስፔክትረማቸውን ወሰዱ፣ ከ9ኙ 7ቱ ላይ የዩሮፒየምና የባሪየም መስመሮች ጎልተው ታዩ፣ ሌሎች እንዲህ አይነት ድንክ ጋላክሲዎች ላይ ካለው መቶ እጥፍና ከዛ በላይ። ዩሮፒየም እንደ ወርቅና ፕላቲነም በአብዛኛው የኒውትሮን ናዳ ሲወርድ ነው ሚፈጠረው። እንዲህ ባለች ሚጢጢ ጋላክሲ ያን ያህል ከተገኘ ብዙ ትናንሽ ክስተቶች ናቸው ማለት አይቻልም፣ አንድ ነገር፣ አንዴ፣ በኃይል ተከስቶ ቀሪዎቹ ከዋክብት ከሱ ፍርስራሽ ተወለዱ ማለት ነው። በብዛት ሚጠረጠረው የሁለት ኒውትሮን ከዋክብት (ከባድ ኮከብ ሲፈነዳ የሚቀሩ እጅግ የታመቁ ቅሪቶች) ግጭት ነው። እንዲህ አይነት ግጭት ከባድ ንጥረ ነገር እንደሚሠራ ደሞ ነሐሴ 2017 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ላይ በ130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ሲከሰት በግራቪቴሽናል ሞገድም (በስበት ሞገድ) በቴሌስኮፕም ተይዟል። ትልቅ ጋላክሲ ላይ ቢሆን ይሄ ሁሉ ተደባልቆ ይጠፋ ነበር፣ ድንኳ ላይ ግን ያ አንድ ቀን እንደተጻፈ ቀረ።

በተቃራኒው ጫፍ ያሉት ግዙፎቹ ሞላላ ጋላክሲዎች ናቸው። ሜታላቸው እንደ ፀሐይ ወይም ከዛ በላይ ነው፣ ማግኒዚየማቸውም ከብረታቸው አንጻር ከፍ ያለ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስቡት፣ ያን ሁሉ ሜታል አከማችተዋል፣ ግን ብረቱ በደንብ ሳይደርስ ሥራ አቁመዋል። አብዛኛውን ከዋክብቶቻቸውን በአንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ ወይም ከዛ ባነሰ ጊዜ በጥድፊያ ወልደው ጨርሰው ከዛ ተዘጉ። ዳር ዳራቸው ግን ድሃ ነው፣ የዋጧቸው ትናንሾች እዛ ነው ሚቀመጡት።

ይሄን ስል ግን ሩቅ ጋላክሲ ላይ አንድ በአንድ ኮከብ እያየን እንዳይመስላችሁ። ከአቅራቢያችን ከወጣን በኋላ የቢሊዮኖች ከዋክብት ብርሃን አንድ ላይ ተቀላቅሎ ነው ሚደርሰን፣ ከተቀላቀለው ውስጥ መለየት ደሞ ፈተና ነው። ለምሳሌ ያረጀ ኮከብ ይቀላል፣ ሜታል የበዛበት ኮከብም ይቀላል፣ አንድ ጋላክሲ ቀልቶ ስታዩት አርጅቶ ነው ሀብታም ሆኖ? ቀለሙ ብቻውን አይነግራችሁም፣ መስመሮቹን አንድ በአንድ መለካት ግድ ነው። "የዚህ ጋላክሲ እድሜ ይሄን ያህል ነው" ተብሎ በእርግጠኝነት ሲወራ የምጠረጥረው ለዚህ ነው።

መጀመሪያዎቹ ከዋክብትስ፣ ከሃይድሮጅንና ሂሊየም ብቻ የተሠሩት? እስካሁን አንድም በእርግጠኝነት አልተገኘም። ከባድ ስለነበሩ ቶሎ አልቀዋል ነው ሚባለው። በ2014 አውስትራሊያ ያሉ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት አንድ ኮከብ አለ፣ እዚሁ እኛ ጋላክሲ ውስጥ፣ ብረቱን ቢፈልጉት ቢፈልጉት መስመሩ አልታይ አለ፣ ቢኖር እንኳን ከፀሐይ ከአስር ሚሊዮን አንድ እጅ ያነሰ ነው። ካርቦን ግን አለው፣ ስለዚህ ምናልባት ከሱ በፊት አንድ ኮከብ ብቻ ሞቷል፣ እሱ ልጅ ነው፣ የመጀመሪያው አይደለም። በሌላ በኩል በ2025 መጋቢት አካባቢ ዩኒቨርስ ገና 300 ሚሊዮን ዓመት ሳይሞላው የነበረ ጋላክሲ ላይ ኦክሲጅን ተገኘ፣ ሜታሉም ከተጠበቀው አስር እጥፍ ያህል ነበር። ያን በመሰለ አጭር ጊዜ ስንት ትውልድ ተወልዶ ሞተ ያሰኛል።

አንዲት ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከላይ "የፀሐይን ግማሽ፣ የፀሐይን መቶኛ" እያልኩ ስቆይ መለኪያችን ፀሐይ ናት ማለት ነው፣ አይደል? የፀሐይ ሜታል ደሞ 1.7% አካባቢ ነው ሲባል ኖሮ ከ2000ዎቹ ወዲህ በተሻለ ሞዴል ሲሰላ ወደ 1.3% ወረደ፣ በተለይ ኦክሲጅኑ። ችግሩ የፀሐይን ውስጣዊ ንዝረት ሚያጠኑት ሰዎች ልኬት ሚስማማው ከድሮው ቁጥር ጋር ነው። ሁለቱም ወገን ስሌቱን ደጋግሞ ፈትሿል፣ በቅርቡ የወጡ ስሌቶችም አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች እየጎተቱት ነው፣ ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም።